ዓይናችሁ በጎረቤታችሁ ብርጭቆ ላይ ይሁን

(ለትምህርትና ለሥልጠና ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ የሽኝት ምሽት የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተጓዦች፣ ልጆቻችሁን ለመሸኘት የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ጃፓን ኑሮ እንድናገር ሲጋብዙኝ የጠበቁት ስለ ቋንቋው ወይም ስለ ብርዱ እንዳወራ ነበር። እኔ ግን ስለ ቢራ እናገራለሁ አልኳቸው። ከወላጆች መካከል ፊታችሁ የተለወጠ እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ጥቂት ታገሡኝ። ጃፓን ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። በላቦራቶሪ ውስጥ ለወራት ከሰላምታ ሌላ ቃል ያልተለዋወጥኩት ሰው ስሜን ጠርቶ ስለ ልጁ ያጫወተኝ በመጠጥ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ጥናቴ የት ላይ እንደተበላሸ በግልጽ የተነገረኝም እዚያው ነው። የማይጠጣ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ልብ በሉልኝ፣ የማይጠጣ ሰው እንኳ ቢሆን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ አይቀርም። ታዲያ ሳያውቁ ከመቀመጥ አውቆ መቀመጥ አይሻልም?

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ስለ መጠጡ፣ ቀጥሎ ስለ ጠረጴዛው፣ በመጨረሻ ስለ ሕጉና ስለ ራሳችሁ ደህንነት። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እሺ፣ መጠጡ። ጃፓን ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ሳኬ ነው። «ሳኬ» ግን በቋንቋቸው አልኮል ያለበት መጠጥ ሁሉ መጠሪያ ነው፤ እኛ ሳኬ የምንለውን፣ ከሩዝ የሚጠመቀውን፣ እነሱ በተለይ «ኒሆንሹ» ይሉታል። ማታ ከሥራ ወጥተው ሲሰባሰቡ መጀመሪያ የሚያዝዙት ደግሞ እሱን አይደለም። አስተናጋጁ ሲመጣ ከጠረጴዛው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «ቶሪያኤዙ ቢሩ!» ለጊዜው ቢራ፣ ለመነሻ ያህል ቢራ እንደ ማለት ነው። ሌላው በኋላ ይታሰብበታል።

ይህ ቢራ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዊልያም ኮፕላንድ የሚባል የኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካዊ በ1870 ዮኮሃማ ውስጥ መጥመቅ ጀመረ፤ በእሱ ፋብሪካ ቦታ ላይ በኋላ የተቋቋመው ኩባንያ በ1888 «ኪሪን» የተባለውን ቢራ አወጣ። እኔ ግን ዛሬ፣ በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎቹ፣ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ሌላ ሰው ነው። ናካጋዋ ሴይቤይ ይባላል። በ1865፣ ጃፓናዊ ከአገሩ እንዳይወጣ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ገና በ17 ዓመቱ ተደብቆ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ከዚያ ወደ ጀርመን ተሻገረ። በርሊን አቅራቢያ በሚገኝ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ያህል የቢራ ጠመቃ ተማረና ወደ አገሩ ተመለሰ። መንግሥት በሰሜን፣ በሆካይዶ፣ በ1876 የሳፖሮን ቢራ ፋብሪካ ሲከፍት የመጀመሪያው ዋና ጠማቂ እሱ ሆነ። ዛሬ በሳፖሮ ቢራ ጠርሙስ ላይ የምታዩት ኮከብ ያን ጊዜ ሆካይዶን ያለማ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምልክት ነው፤ የሰሜን ኮከብ። ሳፖሮ ከሄዳችሁ የቢራውን ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። ቀዩ የጡብ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለዚያ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ፣ ሙያውን ይዞ ተመልሶ፣ አገሩ ውስጥ ያልነበረ ነገር የተከለ ልጅ!

ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ ኤቢሱ የሚባል ሰፈር አለ፤ ባቡር ጣቢያውም ኤቢሱ ነው። ቢራው በሰፈሩ ስም የተጠራ ይመስላችኋል? ተቃራኒው ነው። ኤቢሱ ቢራ ለገበያ የቀረበው በ1890 ነው። በ1901 ቢራውን ለመጫን የዕቃ ባቡር ጣቢያ ተሠራለት፤ ጣቢያው በቢራው ስም ተጠራ፤ ከጊዜ በኋላ ሰፈሩም ስሙን ወሰደ።

ትልልቆቹ ጠማቂዎች አሳሂ፣ ኪሪን፣ ሳፖሮና ሰንቶሪ ናቸው፤ በደቡብ በኦኪናዋ ኦሪዮን አለ። አሳሂ በ1987 ያወጣው ሱፐር ድራይ የአገሩን ጣዕም የቀየረ ቢራ ነው፤ ደረቅ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይቆይ። ከዚህ ዓይነቱ ወጣ ያለ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ፣ «ጂ ቢሩ»፣ አለላችሁ። እስከ 1994 ድረስ የቢራ ፈቃድ ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሊትር ማምረት ግዴታ ነበር። ይህን ማን ይችላል? በዚያ ዓመት ሕጉ ወደ 60 ሺህ ሊትር ወረደ። ወዲያው በየክፍለ ሀገሩ ጠማቂ በቀለ። ኢባራኪ ውስጥ ከ1823 ጀምሮ ሳኬ ሲጠምቅ የኖረ ኪዩቺ የተባለ ቤት በ1996 ቢራ ጀመረ፤ ጉጉት የተሳለበት የሂታቺኖ ቢራው ዛሬ ከጃፓን ውጭም ይሸጣል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሱቅ ስትገቡ መልካቸው አንድ የሆነ፣ ዋጋቸው ግን የተለያየ ቆርቆሮዎች ታገኛላችሁ። ርካሾቹ በሕጉ ቢራ አይደሉም። ታክሱ የሚጣለው በብቅሉ መጠን ስለነበር ኩባንያዎቹ ብቅሉን እየቀነሱ «ሃፖሹ» የተባለውን ፈጠሩ፤ ከዚያም ያለ ብቅል ከአተርና ከመሳሰለው የሚሠራ ሦስተኛ ዓይነት መጣ። እስከ 2020 ድረስ በ350 ሚሊ ሊትር ላይ የቢራው ታክስ 77 የን ሲሆን የሦስተኛው 28 የን ነበር። መንግሥት ልዩነቱን ደረጃ በደረጃ አጥብቦ በኦክቶበር 2026 ሁሉም 54.25 የን እንዲከፍሉ ደንግጓል። የተማሪ ኪስ ይዛችሁ ስለምትሄዱ ነው የነገርኳችሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። የመጣሁበት ጉዳይ ይኸ ነው።

ኢዛካያ ይባላል ቤቱ። መጠጥ ቤትም ነው፣ ምግብ ቤትም ነው። በር ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ የተንጠለጠለበት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። አንዳንዱ ቤት ጫማ ያስወልቃል፤ ስለዚህ ካልሲያችሁ ቀዳዳ አይኑርበት። ስትቀመጡ እርጥብ ፎጣ ይሰጣችኋል፤ ለእጅ ነው። ቀጥሎ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። «ኦቶሺ» ይባላል። ነፃ ስጦታ አይደለም፤ የመቀመጫ ሒሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ይታሰባል። አላዘዝኩም ብላችሁ አትከራከሩ፤ የቤቱ ወግ ነው። የምትጾሙ ግን ተጠንቀቁ፤ ዓሣ ሊኖርበት ይችላል፤ አትክልት የሚመስለውም ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። በጾም ወራት እኔን ያኖረኝ ኤዳማሜ ነው፤ ከነልጡ ተቀቅሎ ጨው የተነሰነሰበት የአኩሪ አተር እሸት። እሸት ያደገ ሰው እንዴት እንደሚበላ ማንም አያስተምረውም።

አስተናጋጅ ለመጥራት እኛ እናጨበጭባለን። እዚያ አታጨብጭቡ። «ሱሚማሴን!» ብላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትጠራላችሁ፤ ነውር የለውም። ጠረጴዛው ላይ መጥሪያ ደወል ያለውም ቤት አለ። «ናማ» ካላችሁ ድራፍት ይመጣል። አረፋው ብዙ ነው፤ ሰባት እጅ ቢራ፣ ሦስት እጅ አረፋ። ተጎደለብኝ አትበሉ፤ ጥሩ አቀዳድ የሚባለው እሱ ነው፤ አረፋው የቢራውን ጣዕም ይጠብቃል ብለው ያምናሉ።

ብርጭቆ ሁሉ እስኪሞላ፣ ሰው ሁሉ እስኪያነሣ ማንም አይቀምስም። ከዚያ «ካንፓይ!» ይባላል። ብርጭቆ ስታጋጩ በዕድሜም በማዕረግም ከሚበልጣችሁ ሰው ብርጭቆ የእናንተን ዝቅ አድርጉ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ያዩዋታል። ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ በሚጨባበጥበት አገር ያደጋችሁ ስለሆናችሁ አይከብዳችሁም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው ዋናው። የጠርሙስ ቢራ ሲታዘዝ ጠርሙሱ የሁሉም ነው፤ ብርጭቆዎቹ ትንንሾች ናቸው። ለራሳችሁ አትቅዱ። እደግመዋለሁ፤ ለራሳችሁ አትቅዱ! ለጎረቤታችሁ ትቀዳላችሁ፤ ጎረቤታችሁ ለእናንተ ይቀዳል። «ኦሻኩ» ይባላል። ጠርሙሱ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲታይ ይደረጋል። ሲቀዳላችሁ ብርጭቆውን አንሥታችሁ በሁለት እጅ ትቀበላላችሁ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ላቦራቶሪው አዲስ ለገባነው የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣ አዘጋጀልን። ብርጭቆዬ ጎደለ፤ ጠርሙሱ ፊቴ ነበር፤ አንሥቼ ቀዳሁ። አጠገቤ የተቀመጠው፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ የገባው ተማሪ፣ ጠርሙሱን ከእጄ በቀስታ ወሰደና አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም። ከወራት በኋላ ስንግባባ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ለራስህ ስትቀዳ፣ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ብርጭቆህ መጉደሉን አላየሁም ማለት ነው። ያፈርኩት በራሴ ነው።»

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለ ጃፓን ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ቃል ነው። የዚያ ጠረጴዛ ሕግ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ማን ምን ያህል ጠጣ አይደለም ነገሩ፤ ማን ማንን አየ ነው። ስለዚህ ስትቀመጡ ዓይናችሁ በጎረቤታችሁ ብርጭቆ ላይ ይሁን። ጉርሻ በምንሰጣጥበት ገበታ ያደግን ሰዎች ይህን ማንም ሊያስረዳን አይገባም፤ አንድ ጊዜ ካየነው ይገባናል።

ምዕራብ ቶኪዮ ውስጥ ቾፉ በሚባለው ከተማ እኖር ነበር። ከቤቴ አጠገብ ስምንት ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ኢዛካያ ነበረ። ባለቤቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ነበሩ። ለሦስት ወር ያህል «እንኳን ደህና መጣህ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር የሚሉኝ። አንድ ማታ ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን አጠቡ። ከማቀዝቀዣው አንድ ጠርሙስ አወጡና ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥተው መጥተው በሁለት እጅ ቀዱልኝ። በ1964 የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠው በኮሹ ካይዶ መንገድ ላይ ነው፤ መዞሪያውም እዚያው ቾፉ ውስጥ ነው። በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አበበ ቢቂላን አይተዋል። «ብቻውን ነበር፤ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሮጠው» አሉኝ። ጠርሙሱን ተቀብዬ እኔም ቀዳሁላቸው። ሌላ ብዙ አልተናገርንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ስገባ ጾም መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ ምግብ አላቀረቡልኝም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። «እኔ አልጠጣም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ ምን ልሁን?» የምትሉ አላችሁ። መልሱ ቀላል ነው። መጀመሪያውኑ በትሕትና ተናገሩ፤ «ኖሜማሴን»፣ መጠጣት አልችልም ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ 40 በመቶ የሚሆኑ ጃፓናውያን በተፈጥሮአቸው አልኮል በሰውነታቸው ውስጥ ሲፈርስ የሚፈጠረው መርዛማ ነገር ቶሎ አይወገድላቸውም፤ አንድ ብርጭቆ ሳይጨርሱ ፊታቸው ይቀላል። የማይችል ሰው ስም ሁሉ አለው፤ «ጌኮ» ይባላል። ኡሎንግ ሻይ እዘዙ፤ ካንፓይ በሻይም ይባላል። አልኮል ፈጽሞ የሌለበት፣ 0.00 በመቶ የተጻፈበት ቢራም ከ2009 ጀምሮ አለ። የምትጠጡ ሆናችሁ ከበቃችሁ ደግሞ ብርጭቆአችሁን ሙሉ አድርጋችሁ ተዉት። የጎደለ ብርጭቆ «ቅዱልኝ» ይላል፤ ሙሉ ብርጭቆ «በቃኝ» ይላል። በግድ የሚያጠጣ ሰው ከገጠማችሁ እምቢ የማለት መብት አላችሁ፤ እነሱ ራሳቸው «አሩሃራ» የሚል ስም ሰጥተው የሚያወግዙት ድርጊት ነው።

«ኖሚሆዳይ» የሚል ካያችሁ በቁርጥ ዋጋ የፈለጉትን ያህል መጠጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ90 ወይም ለ120 ደቂቃ። ገንዘቤን ላውጣ ብላችሁ አትጣደፉ። ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» የሚል ትግል የለም፤ ለሁሉም እኩል ይካፈላል፤ አለቃ ካለ እሱ ከፍ ያለውን ይይዛል። ለአስተናጋጅ ጉርሻም፣ ማለት ቲፕ፣ አይሰጥም። አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ 500 የን ትቼ ስወጣ አስተናጋጇ ረስቼው መስሏት እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጣ መለሰችልኝ።

ሦስተኛው ነጥቤ። እዚህ ላይ ድምፄ ቢጠነክር አትቀየሙኝ።

ጃፓን ውስጥ መጠጥ የሚፈቀደው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው። በ2022 ለአካለ መጠን መድረሻው ወደ 18 ሲወርድ የመጠጡ ዕድሜ 20 እንደሆነ ቀርቷል። እዚህ ውስጥ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች አላችሁ፤ ሰምታችኋል።

ጠጥቶ መንዳት የለም። ትንሽም ቢሆን የለም። በኦገስት 2006 ፉኩኦካ ውስጥ ጠጥቶ ያሽከረክር የነበረ ሰው አንድ ቤተሰብ የያዘ መኪና ከኋላ ገጭቶ ከድልድይ ላይ ወደ ባሕር ጣለው። ሦስት ሕፃናት ሞቱ። አገሩ በሙሉ አለቀሰ። በማግስቱ ዓመት ሕጉ ከበደ፤ ከ2007 ጀምሮ የሚቀጣው ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ እያወቀ መጠጥ ያቀረበለት፣ መኪናውን ያዋሰው፣ አብሮት የተሳፈረውም ይቀጣል። «መኪና ስለሌለኝ አይመለከተኝም» አትበሉ። ሁላችሁም ብስክሌት ትገዛላችሁ። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ጠጥቶ ብስክሌት የነዳ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 500 ሺህ የን ይቀጣል። የትምህርት ዕድላችሁን በአንድ ማታ ብስክሌት አትሽጡት! እየገፋችሁ በእግራችሁ ሂዱ።

ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል፤ እስከ ንጋት የለም። የታክሲ ዋጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት 20 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት እወቁ። ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ውስጥ ካቡኪቾ በሚባለው ሰፈር መንገድ ላይ እጃችሁን ይዞ «ርካሽ ቤት ላሳያችሁ» የሚላችሁን ሰው አትከተሉ። ሺቡያ ውስጥ ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት በጣቢያው አካባቢ መንገድ ላይ መጠጣት ተከልክሏል።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ የማትጠጡ ስሙኝ። አብራን የነበረች አንዲት እህታችን በሕይወቷ አልኮል ቀምሳ የማታውቅ፣ በእምነቷ የጠነከረች ነበረች። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ከሰፈሯ ሱቅ የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ ገዛች። ጭማቂ መስሏት ግማሹን ጠጣች። ስታውቅ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ማንንም መውቀስ አልተቻለም፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ እሷ ግን ማንበብ አልቻለችም። የፍራፍሬ ጣዕም ያላቸው እንዲህ ያሉ መጠጦች አሉ፤ አንዳንዶቹ 9 በመቶ አልኮል አላቸው፤ ከቢራ ይበልጣሉ። ፊደሉን እስክትለምዱ ድረስ ይህን አድርጉ፤ የቆርቆሮውን ክዳን፣ መክፈቻው አጠገብ፣ በጣታችሁ ዳስሱ። ለዓይነ ስውራን ተብሎ አብዛኞቹ የአልኮል ቆርቆሮዎች ላይ «ኦሳኬ» ወይም «ቢሩ» የሚል የብሬይል ጽሑፍ አለ። እብጠቶቹ ከተሰሟችሁ መልሱት። ገንዘብ ስትከፍሉ ማሽኑ ዕድሜያችሁ 20 መድረሱን እንድታረጋግጡ ቁልፍ ተጫኑ ካላችሁም ያው ምልክት ነው።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማታ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከሆነ ጠዋት ቢሮ ወይም ላቦራቶሪ ስትገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚባል ቃል አለ። የጋበዛችሁን ሰው ፈልጋችሁ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ጎንበስ ብላችሁ በሉት፤ «ኪኖ ዋ አሪጋቶ ጎዛይማሺታ»። የትናንቱን አመሰግናለሁ ማለት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ አብረን እንበለው።

ጥሩ። አንድ ጊዜ እንደገና።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ ከወላጆች እንጀምር።